«እጮኛዬን በቴሌቪዥን እየፈለግሁት ነው!»

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መሐል አንዱ እንቅልፍ ነስቶኛል። በደብተር ወረቀት ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪፕቶ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ሞልቶ የተጻፈ ነው። ላኪዋ «ጨነቀኝ ከደብረ ኤልያስ» ብላ ፈርማበታለች። እኔም የዚያው አገር ውሃ የጠጣሁ ነኝና ደብዳቤውን ሳነብ የሰፈሩ መንገድ፣ የቤቱ ደጃፍ፣ ጣሪያው ላይ ዘመም ብሎ የተተከለው ዲሽ ሁሉ ፊቴ ላይ መጣብኝ። ስሟንና ቤቷን የሚያሳውቀውን አውጥቼ እነሆ፦

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፤ ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ የ25 ዓመት ወጣት ነኝ። 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ። በ2014 ዓ.ም. አንድ የሰፈራችን ልጅ ሽማግሌ ልኮ ታጨሁለት። እወደዋለሁ፤ አሁንም። ለሠርጉ ገንዘብ ልያዝ ብሎ በመስከረም 2015 ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወረደ። ከዚያ ከጓደኞቹ ጋር ገዳሪፍ ተሻገረ። በጥር ‹ካርቱም ገባሁ፣ ምግብ ቤት ሥራ አገኘሁ› ብሎ ደወለ። በየእሑዱ ይደውልልኝ ነበር።

በ2015 የፋሲካ ዋዜማ፣ ቀዳም ሹር፣ ዶሮ ስንገነጣጥል ጎረቤታችን ‹ኧረ ካርቱም እየነደደች ነው!› ብላ ሮጣ መጣች። ቴሌቪዥኑን ስንከፍተው አውሮፕላን ማረፊያው ይጨሳል። ብደውል ስልኩ አይሠራም። ያን ፋሲካ ማን በላው! በግንቦት አንድ ቀን ደወለና ‹ደህና ነኝ፤ ከካርቱም ወጥቼ ወድ መደኒ ነው ያለሁት፤ መንገድ ሲከፈት እመጣለሁ› አለኝ። ሦስት ደቂቃም አላወራን። ከዚያ በኛም አገር ችግር መጣ፤ ኢንተርኔቱ ጠፋ፤ ስልኩም ይቆራረጥ ጀመር። በታኅሣሥ 2016 ወድ መደኒ ተያዘች ሲባል በቴሌቪዥን አየሁ። ሰው ፍራሽ ተሸክሞ ሲሸሽ ሳይ ሁሉም እሱን ይመስለኝ ነበር። በዚያው ሰሞን ስልኬ ውሃ ገብቶበት ተበላሸ፤ በኋላ በወንድሜ መታወቂያ ሌላ ቁጥር አወጣሁ። አሁን ሥራዬ ቴሌቪዥን ማየት ሆኗል። እናቱም ከኛ ቤት አይጠፉም። ከጅዳ የተመለሰች ጎረቤታችን ዐረብኛውን ትተረጉምልናለች። መብራት ሲጠፋ አለቅሳለሁ።

በዚህ ጥር ሌላ ሰው ሽማግሌ ላከብኝ። አባቴ ‹ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ቁርጡን ንገሪኝ› አለኝ። ሞቶ እንደሆነ ልወቅ፣ ካለም ልጠብቀው። ቴሌቪዥኑ ግን አይነግረኝም። ምን ላድርግ?»

አያችሁ ወገኖቼ! ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ያዘችኝ። እናንተም አልፋችኋት ይሆናል። እመለስባታለሁ። መጀመሪያ ግን ስለዚያ ጦርነት ሁለት ሦስት ነገር ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም ልጅት ሦስት ዓመት ሙሉ ስታየው የኖረችውን ነገር ብዙዎቻችን ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ይዘን እንደ ኳስ ጨዋታ ነው ያየነው። እውነቴን ነው! አንዱ «ቡርሃን»፣ ሌላው «ሄሜቲ» ብሎ እንደ አርሴናልና ማንቸስተር ሲከራከር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የተወራረዱም ነበሩ።

ነገሩ የጀመረው በዳቦ ነው። በታኅሣሥ 2011 የአንዱ ዳቦ ዋጋ ከ1 የሱዳን ፓውንድ ወደ 3 ሲዘል አትባራ በምትባለው የባቡር ከተማ ሰው አደባባይ ወጣ። ከሰኔ 1981 ጀምሮ ወንበሩን ይዘው የኖሩት ኦማር አል በሽር በሚያዝያ 3 ቀን 2011 ወረዱ። ወጣቱ ግን «ወታደር ሄዶ ወታደር መጣ» ብሎ ከጦሩ ዋና መምሪያ ደጃፍ አልነሳም አለ። ግንቦት 26 ቀን በጥይት ተበተነ፤ ከመቶ በላይ ሰው ማለቁ ተነገረ። ያኔ የኛ ቴሌቪዥን ካርቱምን አብዝቶ ያሳየን ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ግንቦት 30 ካርቱም ሄደው ሁለቱን ወገን ሲያነጋግሩ፣ አምባሳደር መሐሙድ ድሪርም በሽምግልናው ሲደክሙ አይተናል። ነሐሴ 11 ስምምነቱ ተፈረመ። ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት አብደላ ሐምዶክ አዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የሠሩ ሰው ናቸውና የኛ ሰው እንደ ራሱ ዘመድ ነበር ደስ ያለው። ምን ያደርጋል! ጥቅምት 15 ቀን 2014 ጄኔራሎቹ መንግሥቱን ገለበጡት። ሐምዶክ ተመልሰው ቢሞክሩም በታኅሣሥ መጨረሻ ለቀቁ። አገሪቱ በሁለት ታጣቂ ሰዎች እጅ ቀረች፤ በጦር ሠራዊቱ አዛዥ በአብደል ፈታሕ አል ቡርሃንና በፈጥኖ ደራሹ አዛዥ በሞሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ፣ ማለት በሄሜቲ። እነዚህ ሁለቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ተያያዙ። እሷ ቀዳም ሹር ያለችው ቀን ነው። ሱዳኖቹ ረመዳን እየጾሙ፣ እኛ ጾም ልንፈታ አንድ ሌሊት ሲቀረን!

ለኛ ትውልድ ሱዳን ማለት ሠርግ ላይ ትከሻ የሚያስመታ የመሐመድ ዋርዲ ዘፈን ነበረች። ለጎጃም ገበሬ ልጅ ግን ሱዳን ከዘፈንም በላይ ናት። ሰሊጥ ሲደርስ የሚኬድባት፣ ቆርቆሮ ለመግዛት፣ በሬ ለመጨመር፣ ሚስት ለማግባት ሁለት ሦስት ወር የሚሠራባት ጎረቤት ናት። ስለዚህ ካርቱም ስትነድ ደብረ ኤልያስ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ቢገኝ አይግረማችሁ። ሐምሌ 28 ቀን 2012 የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳም ስንቱ እናት ቴሌቪዥን ላይ ልጇን ፈልጋለች!

እንግዲህ ወደ ቴሌቪዥኑ።

ያቺ ከጅዳ የተመለሰች ጎረቤት ትገርመኛለች። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ተባርረው ሲመለሱ ሻንጣቸው ባዶ የነበረ ብዙ ናቸው። ዐረብኛው ግን አብሯቸው መጣ። ዛሬ በየሰፈሩ የዐረብ ቻናል የሚተረጉሙት እነሱ ናቸው። አንዷን በአንድ ወቅት ጠይቄያት ነበር። «በዐረብ ቤት የተማርኩት ‹ነይ፣ ሂጂ፣ እጠቢ፣ ሩዙ አረረ› የሚለውን ነው» አለችኝ። «‹ሁድና› የሚለውን ቃል፣ ተኩስ ማቆም ማለት መሆኑን የተማርኩት እዚሁ አገሬ ተቀምጬ ከቴሌቪዥን ነው።» እንግዲህ እንዲህ ነው። ጎረቤትሽን አመስግኛት። ግን የማታውቀውን እየገመተች ልትሞላላችሁ እንደምትችል እወቂ። ከታች የሚያልፈው ቀይ መስመር ላይ «ዓጂል» የሚል ሲመጣ «አስቸኳይ» ማለት ነው፤ «ያንቺ ሰው» ማለት አይደለም።

ሌላም አለ። ያ መስከረም 2016 ላይ ሲነድ የታየው የካርቱም የነዳጅ ኩባንያ ፎቅ ትዝ ይላችኋል? ሕንፃው የነደደው አንድ ጊዜ ነው። በቴሌቪዥን ግን ስንት ጊዜ ነደደ? ጠዋት ነደደ፣ ማታ ነደደ፣ ከወራት በኋላም «ካርቱም» በተባለ ቁጥር ነደደ። ጋዜጠኛ መግባት በማይችልበት ጦርነት ሥዕል ያንሳል፤ ያለችውን ደጋግሞ ማሳየት የዜና ሰዎች ግዴታ ይሆንባቸዋል። ደብረ ኤልያስ ሆና የምታይ እናት ግን ሥዕሉ የዛሬ ይሁን ያምና አታውቅም። እሷ እያንዳንዱን እሳት እንደ አዲስ ትቃጠለዋለች። ሲብስም ታጣቂዎቹ ራሳቸው በስልክ የቀረጹትን ነው የምናየው። እነሱ ደግሞ የሚቀርጹት ድላቸውን እንጂ ሩዝ ተሰልፎ የሚጠብቀውን የምግብ ቤት አሳላፊ አይደለም!

ተቃራኒውም አለ። መስከረም 26 ቀን 2016 ጋዛ ላይ ጦርነት ሲጀመር ሱዳን ከስክሪኑ ጠፋች። «ዜናው ቀነሰ፤ ሰላም ሆነ መሰለኝ» ብሎ የጻፈልኝ የመርካቶ ልጅ ነበር፤ ወንድሙ ኦምዱርማን ነው። ሰላም መች ሆነና! በዚያው ዝምታ ውስጥ ነው ወድ መደኒ የተያዘችው። ጦር ሠራዊቱ ወድ መደኒን መልሶ የያዘው በጥር 3 ቀን 2017፣ ካርቱምን ነፃ አወጣሁ ያለው በመጋቢት 2017 ነው። በጥቅምት 2018 ደግሞ ዳርፉር ውስጥ ኤል ፋሽር በፈጥኖ ደራሹ እጅ ወደቀችና ስክሪኑ እንደገና ቀላ። ከቤቱ የተፈናቀለው ሕዝብ ከ10 ሚሊዮን በላይ ነው። እህቴ፣ ከ10 ሚሊዮን ሰው መሐል ካሜራ ያንቺን ልጅ እስኪያገኘው ነው የምትጠብቂው?

በአገራችን መርዶ የሚነግረው ሰው ነው። ጎሕ ሳይቀድ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ አረጋግጦ፣ «እርግጥ ነው ወይ?» ተባብሎ ነው የሚረዳው። ቴሌቪዥን መርዶ ነጋሪ አይደለም። ማንም መጥቶ አላረዳሽም። ያ ማለት አለ ማለት ነው? አላልኩም። ገና አልተጠየቀም ማለት ነው።

አሁን ወዳቺ ዓረፍተ ነገር ልመለስ። «ስልኬ ውሃ ገብቶበት ተበላሸ፤ በኋላ በወንድሜ መታወቂያ ሌላ ቁጥር አወጣሁ» ብለሻል። እንዴ እህቴ! ልጁ የሚያውቀው የትኛውን ቁጥር ነው? በየእሑዱ ይደውልበት የነበረው ቁጥር ከታኅሣሥ 2016 ጀምሮ ዝግ ነው። አንቺ እሱን በቴሌቪዥን ስትፈልጊ፣ እሱ ምናልባት ካንዱ ስልክ ላይ ቆሞ «የደወሉላቸው ደንበኛ…» የሚለውን ስትሰማው የኖረችውን ሴትዮ ድምፅ እየሰማ ይሆናል።

ቀኖቹን አስተያዪአቸው። በግንቦት 2015 ደወለ። ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠና ብዙ ወር ቆየ፤ በኢሞም በዋትሳፕም ቢልክ አይደርስሽም። ብዙ የቆየ መልእክት ደግሞ ኢንተርኔት ሲመለስም ላይገባ ይችላል። በታኅሣሥ 2016 ያለበት ከተማ ተያዘች፤ ያንቺም ስልክ ተበላሸ። በጥር 2016 መጨረሻ ደግሞ በሱዳን ራሱ በአብዛኛው አገሪቱ ስልክና ኢንተርኔት ጠፋ። ጎጃምም ዝም፣ ሱዳንም ዝም! ታዲያ ከሁለቱ ማን ነው የጠፋው? እሱም እኮ ይሄኔ የጎጃምን ወሬ ከሰው ስልክ ላይ እያየ «እነሱስ ተርፈው ይሆን?» ይል ይሆናል። ዐረብ አገር ያሉ ልጆች በ2015 እና በ2016 እንዲያ ብለው ስንት ደብዳቤ ጽፈውልኛል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ቴሌቪዥኑን ሳትከፍቺ ውጪ። የድሮው ሲም ካርድ በስምሽ ከነበረ መታወቂያሽን ይዘሽ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ሂጂና ቁጥሩ ይመለስልሽ እንደሆነ ጠይቂ። ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ከሆነ አትናደጂ፤ ራስሽ ደውለሽ ያንን ሰው «በዚህ ቁጥር ከሱዳን የሚደውል ነበር ወይ?» በይው። ቀልድ እንዳይመስልሽ። በዚህ መንገድ የተገናኙ አውቃለሁ።

ቀጥሎ ጓደኞቹ። «ከጓደኞቹ ጋር ተሻገረ» ብለሻል። ስንት ነበሩ? የማን ልጆች? ከመሐላቸው የተመለሰ የለም? በመተማ የተመለሰ ብዙ ሰው አለ። የመጨረሻ ያየው ማን ነው፣ የት፣ መቼ? የእያንዳንዱን ቤት ዙሪና በደብተርሽ ጻፊው። ከወድ መደኒ የሸሸ ሰው በአብዛኛው የሄደው ወደ ሰናር፣ ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ከሰላና ወደ ፖርት ሱዳን ነው። ከዚያም ወደ ግብፅና ወደ ሊቢያ የቀጠለ አለ። የመተማ መንገድ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ስለኖረ ሊመጣ ፈልጎ ያልቻለም አለ።

ሦስተኛው ቀይ መስቀል ነው። ብዙ ሰው ቀይ መስቀልን በአምቡላንስና በደም ልገሳ ብቻ ነው የሚያውቀው። በጦርነትና በስደት የተጠፋፋ ቤተሰብን ማፈላለግም ሥራው ነው፤ ገንዘብም አያስከፍልም። ላንቺ የሚቀርብሽ ደብረ ማርቆስ ነውና እናቱን ይዘሻቸው ሂጂ፤ ጠያቂው የቅርብ ቤተሰብ ሲሆን ይሻላል። ሙሉ ስሙን እስከ አያት፣ ዕድሜውን፣ ፎቶውን፣ መጨረሻ የደወለበትን ቁጥርና ቦታ ያዙ። አዲሱን ቁጥርሽንም አስመዝግቢ። መልሱ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

አደራ የምልሽ ግን፣ ፍለጋውን ስትጀምሪ የሚደውልልሽ አይጠፋም። «አግኝቼዋለሁ፤ እስር ላይ ነው፤ ይህን ያህል ሺህ ላኪ» የሚል! እንዲህ ያለው ሲመጣ እሱና አንቺ ብቻ የምታውቁትን አንድ ነገር ጠይቂ። ሽማግሌ የመጣ ዕለት ምን ዓይነት ሸሚዝ ለብሶ ነበር? የበሬው ስም ማነው? መመለስ ካልቻለ አንድ ብር እንዳትልኪ። ድምፁን ካልሰማሽም አትላኪ።

ስለ ሽማግሌው ደግሞ ልንገርሽ። አባትሽ ክፉ ሰው አይመስሉኝም። ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አላስገደዱሽም፤ በአገራችን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እሳቸውን ያስፈራቸው ልጃቸው ስክሪን ፊት ስታረጅ ማየት ነው። ስለዚህ «ጠብቁኝ» ብቻ አትበያቸው፤ ምን እየጠበቅሽ እንደሆነ ንገሪያቸው። «አባዬ፣ ይሄው ቀይ መስቀል አስመዝግቤያለሁ፤ የእገሌን ልጅ ጠይቄያለሁ፤ ቁጥሬን መልሻለሁ፤ እስከ መስከረም ስጠኝ» በይ። ቀን ቆርጣ የምትለምን ልጅና እያለቀሰች ቴሌቪዥን የምታይ ልጅ በአባት ዓይን አንድ አይደሉም። አዲሱን ጠያቂ ደግሞ በተስፋ እንዳታቆይው። እውነቱ ይነገረው፤ መጠበቅ ከፈለገ ይጠብቅ፣ ካልፈለገ መንገዱን ይሂድ።

መስከረም መጥቶ ወሬ ካልተገኘስ? ያኔ ያጨሽ በሽማግሌ ነውና የምትፈቺውም በሽማግሌ ነው። አባትሽ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ወደ ልጁ ቤት ይላኩ፤ ቃሉ በክብር ይመለስ። ማንም «ከዳችው» አይልሽም። እኔ በበኩሌ አልልሽም።

የሚከብደው ሌላ ነው። እናቱ እናንተ ቤት የሚመጡት ለቴሌቪዥኑ ብቻ አይመስለኝም። ልጃቸውን የሚያስታውስ ሰው ያለበት ቤት ያንቺ ቤት ስለሆነ ነው። አንቺ ያገባሽ ዕለት እሳቸው ሁለተኛ ይጠፋባቸዋል። ከአባትሽ ጋር ከምትነጋገሪው በፊት ለሳቸው ንገሪያቸው፤ ከጎረቤት አይስሙት። ቡና አፍልተሽ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ። ዜናውንም ከዛሬ ጀምሮ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በአማርኛው፣ አብራችሁ እዩት። ሌሊቱን እሳቸውም ይተኙ።

እንግዲህ አንባብያን፣ አንድ ልመና አለኝ። በታኅሣሥ 2016 ወድ መደኒ የነበራችሁ፣ ወይም ከዚያ የተመለሰ ወንድም ያላችሁ፣ በምግብ ቤት ይሠሩ ስለነበሩ የጎጃም ልጆች የምታውቁት ካለ በዚህ ዓምድ አድራሻ ጻፉልኝ። የልጁን ስም እዚህ አላወጣም፤ እናንተ የምታውቁትን ጻፉ፣ እኔ ከደብዳቤዋ ጋር አስተያየዋለሁ። በፖስታው ጀርባ ላይ «ለደብረ ኤልያሷ» በሉት። ጨነቀኝም፣ አዲሱን ቁጥርሽን ሳትጽፊልኝ ነው የላክሽው፤ በሚቀጥለው ደብዳቤሽ እንዳትረሺው። እስከ ሳምንት ደህና ሰንብቱ!